በሐሳብ የተወጣ መሰላል

የበያጁ ቀኝ እጅ የመሰላሉን የመጀመሪያ ብረት ይጨብጣል። አልጋው ላይ ተጋድሞ በሐሳቡ ሲጨብጠው ከከረመው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ ዝገቱ፣ የማማው አራት እግሮች፣ ጫፉ ላይ ሰማይ ታክኮ የተቀመጠው የውሃ ታንከር።

"አንተ! ዛሬ ነው ለከርሞ?" ይላል ፎርማኑ ከኋላው። "ካልሆነልህ ንገረኝ። ሌላ በያጅ እጠራለሁ፤ አንተ እዚህ ጥላ ሥር ብረት እየቆረጥህ ታረጃለህ።"

በያጁ ከጣሪያ ወድቆ እግሩን ከሰበረ ወዲህ ከመሬት ተላቆ አያውቅም። ግድግዳ አናት ላይ ቆሞ ያፏጭ የነበረ ሰው፣ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲቆም ግድግዳውን አቅፎ ይቀር ጀመር። መላውን ያመጣችው ሆስፒታል እግሩን የምታለማምደው ሴት ናት።

"አጥንትህ ድኗል ወንድሜ፤ ያልዳነው ፍርሃትህ ነው። ጋደም በልና በሐሳብህ ውጣ። እጅህን እየው፣ ብረቱ ይሰማህ። ሰውነት ደጋግሞ ያየውን ነገር እንደ ሠራው ይቆጥረዋል።"

"ህልም እዘዙልኝ አልኩ እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። ቤቱ ገብቶ ግን ጋደም አለ። በመጀመሪያው ቀን ከታችኛው ብረት ሳያልፍ ላብ አጠመቀው።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ ደንግጣ።

"መሰላል እየወጣሁ ነው።"

"እዚያው ሳለህ ጣሪያችንን እየው፤ ያፈሳል።"

እያደር ግን በሐሳቡ እስከ ጫፉ ወጣ። ዛሬ እጁና እግሩ መንገዱን ያውቁታል። ቀኝ እጅ፣ ግራ እግር። ግራ እጅ፣ ቀኝ እግር። ወገቡ ላይ የተቋጠረው የመበየጃ ገመድ እየከበደ ይመጣል። ነፋሱ ጆሮው ላይ ያፏጫል፤ እሱንም አስቦታል። ልቡ ከጎድን አጥንቱ ሊወጣ ይታገላል፤ እሱንም አስቦታል። ቁልቁል አያይም። ከፊቱ ያለውን ብረት ብቻ።

ድንገት ብረቱ ያልቅና መዳፉ ታንከሩን የከበበውን የብረት ወለል ይነካል። ተንፏቆ ይወጣል፣ ቀበቶውን ከወለሉ አጥር ጋር ያቆልፋል፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይጥላል። ሊጠግነው የወጣው የታንከሩ የተሰነጠቀ ድጋፍ በእሳቱ ሥር ይገጥማል። ንጹሕ ብየዳ ነው። መነጽሩን ሲያነሳ ሳያስበው ይስቃል።

"አንበሳ!" ይጮኻል ፎርማኑ። "በል ውረድ አሁን፤ ሰማይ ቤት ልትከርም ነው?"

ቀበቶውን ይፈታል። ወደ መሰላሉ ይዞራል። ያኔ እጁ አጥሩን መልሶ ይይዛል።

ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ዓይኑን ይገልጥ ነበር። ጫፉን ይነካል፣ ደስ ይለዋል፣ ከአልጋው ይነሳል። አንድም ቀን በሐሳቡ ወርዶ አያውቅም።

ዓይኑን ጨፍኖ መውረጃውን ይፈልጋል። የትኛው እግር ይቀድማል? እጁ ምኑን ይዞ? የሚመጣለት ያ የጣሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ጫማው ሲንሸራተት፣ አየሩ ከሥሩ ሲከፈት፣ መሬቱ ሲመጣ። ሰውነቱ የሚያውቀው መውረድ እሱን ብቻ ነው።

"ምነው?" ይላል ፎርማኑ።

በያጁ በሆዱ ይተኛል። ወለሉን በጥፍሩ ቧጥጦ ይይዝና አንድ እግሩን ከጠርዙ ወደ ኋላ ይሰዳል። የጫማው ጫፍ አየሩን ይዳብሳል። ወደ ግራ። ምንም። ወደ ቀኝ። ምንም።

"ቀስ… ትንሽ ዝቅ በል… አይዞህ የኔ ወንድም…" የፎርማኑ ድምፅ ተለውጧል፤ ቀልዱ የለም።

በያጁ ቁልቁል ላለማየት የማለውን ይረሳና በብብቱ ሥር አጮልቆ ያያል። እጅግ ሩቅ፣ መሬቱ ላይ፣ ፎርማኑ ቆቡ ወልቆ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ከዚያ ከፍታ የሚመጣን ሰው መቅለብ የሚችል ይመስል።