የሳሳው ፖስታ

«ቡቡ»፣ ማለትም አያት፣ የምንላቸው ሌይሶንጊ ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጡ የያዙት ፖስታ ስስ ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ፖስታውን አልፎ የጣቶቻቸውን ጥላ አሳየኝ።

የትምህርት ቤቱ ክፍል በሰው ተሞልቷል። እኔ ፓርቲያችንን ወክዬ የምርጫ ታዛቢዎች አግዳሚ ላይ ነኝ፤ ከጎኔ የተፎካካሪያችን ታዛቢ ካልቶ ተቀምጧል። እያንዳንዱ መራጭ የአራቱን ዕጩዎች ወረቀት ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የአንድ ዕጩ ፊት አለ። የሚፈልገውን ዕጩ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ሦስቱን መጋረጃው ጀርባ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል።

የቡቡ ፖስታ ውስጥ ማንም አልነበረም። ይህን ወዲያው የጠረጠርኩት ባለፈው ወር የፓርቲያችንን ታሪክ በአንድ ገጽ እንድጽፍ ታዝዤ ስለነበር ነው።

ፓርቲያችን የተመሠረተው ባሕር ላይ ነው። ነርስ ሌይማውሪ ምጥ የያዛትን ሴት ከደሴታችን ከቶንጎዋ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቪላ ሆስፒታል ሲወስዱ የጀልባዋ ሞተር ጠፋ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ማዕበል አንገላታቸው። ሴትየዋ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም። ሰባት ሰዎች ሆነው ተሳፍረው ፓርቲ ሆነው ወረዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ የሚመጣ መርከብ።

በመጀመሪያው ምርጫ ዕጩአችን ሌይማውሪ አራት ድምፅ አገኙ። ይህ መንደር ብቻውን ከዘጠና በላይ ደጋፊ ነበረው። የሌላው ድምፅ የት ገባ ሲባል ወረቀቶቹ በየቤቱ ተገኙ፤ ምሰሶ ላይ ተለጥፈው፣ በሰሌን መሃል ተጣጥፈው። የሚያከብሩትን ሰው ፊት ፖስታ ውስጥ ማሸግ ለሰዉ እንደ መቅበር ሆኖበት ነበር። ሌይማውሪ አልተቆጡም። ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ። ስልሳ አንድ ድምፅ። ከዚያ መቶ አሥራ ስምንት። ባለፈው ጊዜ በሁለት ድምፅ ብቻ ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ሁሉ መርከቡን ከእሳቸው ንግግር እየወሰዱ ቃል ሲገቡ ኖረው፣ መርከቡ ዛሬ በየማክሰኞው ይመጣል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ፓርላማ አልገቡም። አሁን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ከእንግዲህ አልወዳደርም ብለውናል።

የመንደሩ አዋላጅ የነበሩት ቡቡ ሌይሶንጊ ከዚያ ከመጀመሪያው ምርጫ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ሳንቶ ደሴት ሄደው ኖረዋል። የተመለሱት ዘንድሮ ነው። ትምህርቱ አልደረሳቸውም።

ወደ ሳጥኑ ሁለት እርምጃ ቀራቸው። ታዛቢ መራጭን ማናገር አይፈቀድለትም፤ የምርጫውን ኃላፊ ብቻ ነው። ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ ድምፄ የት እንደገባ ጠፋኝ።

«ምነው ሌይናሲ?» አለ ካልቶ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ መቆም ብቻ ነው እንዴ?»

በሩ ላይ የተሰለፉት ሳቁ።

«መምህር ታሪማታ፣» አልኩ ኃላፊውን፣ «ፖስታው... ባዶ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ቡቡ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ባዶ? ማነው ባዶ ያለሽ? መርጫለሁ እኮ!» እጃቸውን በልብሳቸው ደረት ውስጥ ከተው ወረቀቱን አወጡ። ሌይማውሪ ናቸው፣ መነጽራቸው ትንሽ ጠመም ብሎ። «ይኸው! ወንዶቹን ቅርጫት ውስጥ ጣልኳቸው። እሷን ግን ማን አባቱ ነው የሚያሽጋት? የበፊቷንም ሳንቶ ድረስ ይዣት ሄጃለሁ። ራስጌዬ ናት።»

ካልቶ ብድግ አለ። «የታየ ድምፅ ድምፅ አይደለም! ይሰረዝ!»

መምህር ታሪማታ የደንቡን መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመሩ።

«አንተ፣» አሉ ቡቡ፣ «ስትወለድ በእግርህ መጥተህ እናትህን ልትገድላት ስትል ማን ነው ጎትቶ ያወጣህ?»

ካልቶ ተቀመጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም፣» አለ። «ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር።»

መምህሩ መጽሐፉን ዘጉ። «ቡቡ፣ ይመለሱና ፖስታው ውስጥ ያስገቧቸው።»

«አልቀብራትም አልኩ!»

መምህሩ ወደ እኔ አዩ። «አንቺ ንገሪያቸው። ፈቅጃለሁ።»

ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። «ቡቡ፣» አልኩ፣ «ቪላ፣ ፓርላማ የሚገባው እዚህ ሳጥን ውስጥ የገባ ሰው ብቻ ነው። እቤትዎ ከወሰዷቸው ይቀራሉ። እስከ ዛሬ ቀርተዋል እኮ።» ድምፄ በዚህ ጊዜ አልጠፋም።

ቡቡ ሳጥኑን ትክ ብለው አዩት።

«እዚያ ውስጥ ብቻዋን ናት?»

«አይመስለኝም። ብዙ ይሆናሉ።»

«ብዙ ሌይማውሪ?»

«ብዙ።»

«እንግዲያ ይጫወታሉ፣» አሉና ወደ መጋረጃው ተመለሱ።

ቆዩ። ሲያወሩ ይሰማናል፤ የሚያወሩት ለወረቀቱ ነው። ከተሰለፈው ሰው አንድም አልሳቀም፣ ካልቶም ቢሆን። ታሪካችንን ስጽፍ «አራት» የሚለው ቁጥር ላይ ስደርስ አፍሬ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ያህል ቤት ምሰሶው ላይ የሰቀለው ሌላ ዕጩ በዚህ ደሴት አላውቅም።

ሲወጡ ፖስታው ወፍሯል። መምህሩ በጣታቸው አፉን አሳዩአቸው፣ እንዲያሽጉት።

«ተወኝ፣ ልጄ። ትንሽ ትተንፍስ፣» አሉ ቡቡ፤ አፉ እንደተከፈተ፣ በሁለት እጃቸው፣ ቀስ ብለው ሳጥኑ ውስጥ አወረዱት።