ከነጋቢው

በጤና ጣቢያው የሕፃኑ የመመዘን ተራ ሲደርስ እናቱ ራሷ በፈተለችው ጋቢ እንደ ጠቀለለችው ሚዛኑ ላይ አኖረችው። «በአርባ ምንጭ ሙቀት ጋቢ!» ብለው ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። «የጨንቻ ልጅ ነው፤ ብርዱን እንደ ለበሰ ነው የወረደው» አለች እናቱ፤ እጇን ግን ከጋቢው ላይ አላነሣችም።

ነርሷ አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኅቴ፣ በዚህ ወር በቤታችሁ ምግብ ያጣችሁበት ቀን አለ? ሁሉንም እናት ነው የምጠይቀው፤ ርዳታ የሚገኝበትን አሳይሻለሁ» አለቻት። እናቲቱ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎን» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከእርሷ በፊት የተጠየቁት ሁሉ እንዲሁ ብለው አልፈው ነበርና። በዚያው ቅጽበት የልጇ የጎድን አጥንት በጋቢው ሥር መዳፏን ነካው።

ቀና አለች። ጋቢውን ገፍፋ በትከሻዋ ላይ ጣለችና ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ፣ «አዎን፣ አጥተናል! አልሰረቅሁ፣ ምን ያሳፍረኛል? በይ ሲስተር፣ አሁን መዝኚው» አለች።