ባዶ ሳጥን

«የቁስለኛ ማመላለሻ በጀት አልቋል» ይለኛል ሻምበል ሀብተ ማርያም፣ የጦር ሰፈሩ ሒሳብ ሹም። «ለቤንዚንም ለሾፌር አበልም የለኝም። አዲሱ በጀት ሐምሌ ላይ ይለቀቃል። እስከዚያ ይታገሡኝ፣ እናቴ።»

ገና ሰኔ አጋማሽ ነው። ልጄ ወልደጻድቅ ጭኑን ተመትቶ ኦጋዴን ባለው የጦር ሕክምና ጣቢያ ተኝቷል። የጣቢያው መኪና ተበላሽታለች። ትናንት በሬዲዮ መገናኛ የመጣው ወሬ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል ይላል። ሌሊቱን በሐሳቤ እግሩን ሲቆርጡት፣ ቀጥሎም ሲቀብሩት አይቼ ነው የመጣሁት።

«ውጭ የቆመችውስ መኪና?»

«እሷ የሬሳ ናት።» ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። «አምና የልጆቻቸውን ሬሳ ያላገኙ እናቶች ለምክር ቤት አቤት አሉ። እንደራሴዎቹ አለቀሱ አሉ። በጀት ሲያጸድቁ ከቁስለኛው ቀንሰው ለሬሳው ጨመሩ። እሱ ሞልቷል፤ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር አልችልም።»

«ልጄ ሲሞት ታመጡልኛላችሁ ማለት ነው?»

በመሐረቡ አንገቱን ይጠርጋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ሞቷል የሚል ወሬ ሰምተዋል?»

«ኧረ አልሞተም!»

«ቤተሰብ ሞቷል ካለኝ መኪና መላክ ግዴታዬ ነው። አለቆቼ ኋላ ቢጠይቁ ስሕተቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

ከወለድኩት ጀምሮ ይህን ቃል ስፈራ ኖሬያለሁ። ኩፍኝ ሲይዘው፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ ሲዘምት። በልቤ ስንት ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ ከአፌ ግን አውጥቼው አላውቅም።

«ሞቷል» እላለሁ። «ልጄ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» ይላል ሻምበሉ፤ ከዚያ በመስኮት ይጣራል። «ኢስሃቅ! ሳጥን ጫን! እናቱም አብረው ይሄዳሉ።»

«ሳጥን ለምን?»

«ያለ ሳጥን ከወጣች ዘበኞቹ ይጠይቃሉ።»

አዲስ የጣውላ ሳጥን ከኋላ ይጫናል። ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ። በመስኮቱ ሥር ሆኖ ወሬያችንን የሰማው ሾፌሩ ኢስሃቅ ክንዴን ይይዘኛል።

«አቦ፣ ምን ሆነሻል እማማ? ወላሂ፣ ልጅሽን ቁጭ ብሎ እየተሳደበ ነው የማመጣልሽ። ሳጥኑን ስንመለስ ሎሚ ነው የምሞላው።»

ለልጄ ያመጣሁትን ትራስ ይቀበለኝና ሳጥኑ ውስጥ ሊያኖረው ክዳኑን ያነሣል። እነጥቀዋለሁ። ክዳኑን መልሼ እገጥምና ላዩ ላይ እቀመጥበታለሁ።

«ጋቢና ግቢ እንጂ!»

«ንዳ!»

በሩ ላይ አንድ ወጣት ዘበኛ ሳጥኑን ሲያይ ቆቡን ያወልቃል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ።»

«አሜን» እላለሁ፣ ትራሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ እንደያዝኩ።