ጭቃ ያልነካው ጫማ

በክረምት ከማንኪራ የቡና ጫካ ጫማው ሳይጨቀይ የተመለሰ ሰው ወይ በርሮ ሄዷል፣ ወይ ከነጭራሹ አልሄደም። የዓባይነሽ ባል አምባው የቡና ባለሙያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ለፊልድ ማንኪራ እንደሚሄድ ይነግራታል። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ግን ጫማው ጠዋት ወልውላ እንደሰጠችው ነው።

እንዲህ ሲሆን ማንኛዋም ሚስት የምትጠረጥረው ሌላ ሴት ነው። ዓባይነሽም መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ በኋላ ግን ምነው ሴት በሆነች ብላ ተመኘች። ጎረቤቷ በላይነሽ ለልጇ ሠርግ ጠጅ ልታስጥል በመጣች ቀን ወሬውን ይዛ መጣች። አምባውን በዓይኔ አየሁት አለች፤ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ኋላ ካለችው ክፍል ሲገባ። ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎች ጥናት የሚያካሂዱባት ክፍል ናት። ድሮ ሱስ ለብቻው፣ ጭንቀት ለብቻው ይታከም ነበር፤ እነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቤተሰቡንም ጨምረው ያክማሉ ይባላል። ከተማው ግን ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የለውምና “የሰካራሞቹ ክፍል” ብሎ ገላግሎታል።

በላይነሽ ለማንም ትንፍሽ እንደማትል ምላ ሄደች። ትንፍሽ የማትል ብትሆን መጀመሪያውኑ ባልመጣች። ዓባይነሽ የያዘችው ብርሌ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠባትና አስቀመጠችው። የበላይነሽ ባል ከመጠጥ ቤት እየተጎተተ እንደሚገባ ሰፈሩ ያውቃል። “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” አለች ለራሷ።

እፍረቱ ግን አልለቀቃትም። ቤቷ የተከበረ ቤት ነው። እጇ ያረፈበት ጠጅ ስለሚጣፍጥ ድግስ ያለው ሁሉ የጫካ ማሩን ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣል። ወጉንም ታውቃለች፤ የጣለችውን ጠጅ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለማንም አትሰጥም። ጥርሷን ስለሚያማት ቅርንፉድ ከአፏ አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ማሩ ከየትኛው ጫካ እንደመጣ ምላሷ ይለያል። የእንዲህ ያለች ሴት ባል ሰካራም ነው ሲባል፣ ሰው ከማን ጓዳ ጠጥቶ ነው ሊል ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የኮከብ ጉዳይ ነው። አንድያ ልጇን ኮከብን እስክንድር የሚባል የደካ ትምህርት ቤት መምህር ሊያገባት ይፈልጋል። ሽማግሌ ልላክ ቢላትም “መጀመሪያ ቤታችን ይስተካከል” ብላ ያቆየችው ራሷ ኮከብ ናት። ምኑ ነው የሚስተካከለው እያለች ዓባይነሽ ስትብሰለሰል ከርማለች። አሁን ገባት። ልጅቷ በአባቷ አፍራ ነው።

ምልክቱማ ሞልቶ ነበር። አምባው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጓዳውን ቁልፍ ከኪሱ አይለይም። ሠርግ ሲጠሩ ገና ምሳው ሳይነሳ “እንሂድ፣ እንሂድ” ይላል። ባለፈው ኮከብ ከእህል ጆንያው ጀርባ ባዶ የአረቄ ጠርሙስ ስታገኝ፣ እሱ በፌስታል ጠቅልሎት ይዞ ወጣ። ኮከብ አለቀሰች። ዓባይነሽ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ቀና ብላ የልጇን ፊት ማየት አቃታት።

ሐሙስ መጣ። አምባው ማንኪራ እንደሚሄድ ተናግሮ ወጣ። ዓባይነሽ ነጠላዋን ደረበች። ጓዳው ስለሚቆለፍ የበላይነሽን ጠጅ የጣለችው ማድ ቤት ነበር፤ ልትወጣ ስትል መድረሱን ቀምሳ አየች፣ ደግማም ቀመሰች። ከዚያ ተከትላው ሄደች።

ዝናብ ያካፋል። ከሰፈሯ መውጫ ያለው ቁልቁለት ላይ አዳለጣትና ወደቀች። የቦንጋ ጭቃ ሰው አይመርጥም። ባጃጅ ነጂው ሀምዛ ቆሞ ደግፎ አነሳት።

“አይዞዎት እትዬ። እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤት ላድርስዎት?”

ወደ ቤት አይደለም፣ ጤና ጣቢያው ከመድኃኒት ቤቱ ኋላ ወዳለችው ክፍል ነው አለችው። ሀምዛ ዞሮ አያትና በለሆሳስ “አልሐምዱሊላህ” አለ። ለካ የባሏን ጉድ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ያውቃል። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሄደች።

ክፍሏ ጋ ስትደርስ በሩን ሳታንኳኳ ገፋችው። ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ባለ ሱቁ ሰማን አለ፤ የሚቅመው ልጁ ሆኖ ሳለ እሱ ምን ሊሠራ እንደመጣ አልገባትም። አምባው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከጎኑ ኮከብ አለች። ልጅቷን ጎትቶ እዚህ ድረስ ማምጣቱን ስታይ ዓባይነሽ በንዴት ተቃጠለች። ለመጣላት ነበር የመጣችው፤ ያሰበችው ስድብ ግን ከአፏ አልወጣም።

“እኔ የዚህ ሰው ሚስት ነኝ” አለች። “ሰካራምም ቢሆን ባሌ ነው፤ ሜዳ ላይ አልጥለውም። ማድረግ ያለብኝን ንገሩኝና አደርጋለሁ። ልጄ ብቻ በወላጇ አፍራ እንዳትቀር።”

አምባው አንገቱን ደፋ። ኮከብ እንባዋን በእጇ ጠርጋ ተነሣችና ከአጠገቧ የነበረውን ባዶ ወንበር ሳበችላት።

“ይቀመጡ እትዬ ዓባይነሽ” አለች ነርሷ ሩሀማ በቀስታ፣ “ጋሽ አምባው መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ እሳቸውና ኮከብ እዚህ የሚመጡት እርስዎን እንዴት ወደ ሕክምና እንደሚያመጡ ለመማር ነው።”