መለኪያው ሕፃን

ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለባሏም፣ ለእናቷም። ሦስት ዓመት ሙሉ የማሽኑን ስህተት በድብቅ ስታርም ኖራለች።

ሥራዋ የአራስ ሕፃናትን የአንጎል ምስል ማሰናዳት ነው። ሕፃኑ ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ምስሉ ይነሳል። እሷ ስሙን ሰርዛ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ የደበዘዘውን ታጠራለች። ከዚያ ፕሮግራሙ ምስሉን ጤነኛ ከተባለ ከአንድ ሕፃን፣ ከ«መለኪያው ሕፃን»፣ አንጎል ጋር ያስተያያል፤ ከሱ ያልከፋውን ያሳልፋል። ፕሮግራሙን የሠራው ኢንጂነር ነው። ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም።

የሊቁ ፕሮግራም አንዲት ትንሽ ጉድለት ነበረችበት። በአንጎል መካከል ያለው የፈሳሽ ቋት የሰፋበትን ሕፃን «ጤነኛ» ብሎ ያሰናብታል። እሷ ኮሽታ ሳታሰማ ውጤቱን «ሐኪም ይየው» ወደሚል ትለውጠዋለች። ሕፃኑ በጊዜ ይታከማል፤ ሊቁ ይሸለማል። ሥራ ተከፋፍለዋል ማለት ነው።

ቤት ስትገባ ባሏ ወሬ አያጣም።

«ልጅሽ ዛሬም ሁለት እርምጃ ሄዳ ዘጭ አለች።»

«ምን አስቸኮላት?» ይላሉ አማቷ። «እናቷስ ልጄን ‹እሺ› ለማለት ሦስት ዓመት ፈጅታ የለ!»

ይሳቃል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

ባለፈው ሰኞ ሊቁ አዲስ መመሪያ ይዞ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ውጤት ላይ የሰው እጅ አይገባም። ሰው ይሳሳታላ!» አዳራሹ አጨበጨበ። አጨብጫቢዎቹም ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ቀን የአንድ ታክሲ ሹፌር ልጅ ምስል መጣ። ቋቱ ሰፍቷል። ውጤቱ፦ ጤነኛ። አባትየው ኮሪደር ላይ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ይስማል። ነገ ጠዋት ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው።

ፊቷ በርበሬ መስሎ ሊቁ ቢሮ ገባች።

«ኢንጂነር፣ ፕሮግራሙ... የተሳሳተ መሰለኝ።»

«መሰለሽ?» ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «የኔ እህት፣ ስሌቱን አሥር ሰው አገላብጦ አይቶታል። የቀረው መለኪያው ሕፃን ነው። ከዚያ ምስል የጠራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በይ እንግዲህ ወደ ሥራሽ።»

ባልደረባዋ ነርስ በር ላይ ጠበቀቻት። «ነግሬሻለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ጥፋቱን ከሚያምን ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለች፤ «አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ሕፃናቱን የምትሸኘው ሐኪም ክፍል ገባች። «ሹፌሩን እንዳትሸኙት» አለች፤ «የልጄም ቋት እንደ ልጁ ሰፊ ነው፤ ስሟን ሰርዤ ምስሏን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መለኪያው ሕፃን ይህቺ ናት።»