ቫልቩ ሲዘጋ

«አልፈርምም ብያለሁ፤ አልፈርምም!» አባቴ የስምምነት ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ወደ አልጋው ጫፍ ይገፋዋል። «አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ስከፍት ኖሬያለሁ። አንዴ የተከፈተ ሞተር እንደ ፋብሪካው ሆኖ አይገጠምም። እኔን ጠይቁኝ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የሽማግሌ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ስትመጣ ይህ አራተኛዋ ነው። ከልቡ ቫልቮች አንዱ ደርቆ አልከፈት ብሏል፤ ካልተቀየረ ዓመት መድፈኑን እንጃ። ለእኔ ኮሪደር ላይ ነገረችኝ። ለእሱም ነግራዋለች፤ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬ ታብሌት ይዛለች። «እሺ አባባ፣ አይፈርሙ። ይህችን የሁለት ደቂቃ ፊልም ብቻ ይዩልኝ።»

ገና የመጀመሪያውን ምስል ሳይ አውቀዋለሁ። የኔ ሥራ ነው።

ሆስፒታሉ ለሕሙማን የሚያሳየው አኒሜሽን ሲያሠራ ጨረታውን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በሠርግ ቪዲዮ ላይ የሙሽሮችን ስም አብርሬያለሁ፣ የዳቦ ቤት አርማ አሽከርክሬያለሁ፣ «ትንሽ ደመቅ ይበል» ያለኝን ደንበኛ ሁሉ አድምቄለታለሁ። ለዚህች ፊልም ግን ሦስት ወር የቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ሳይ ከርሜ፣ ልብን በእጄ ስዬ፣ እያንዳንዷን ምት ፍሬም በፍሬም አንቀሳቀስኩ። ያኔ አባቴ ጤነኛ ነበር። ምን እየሠራሽ ነው ሲለኝ «የልብ አኒሜሽን» አልኩት። «ካርቱን ነዋ» አለና ወደ መፍቻው ተመለሰ። ክፋት የለበትም። እጅ የማያቆሽሽ ሥራ ሥራ አይመስለውም።

አሁን መነጽሩን አጥልቆ ያያል። የደረቀው ቫልቭ ሲወጣ፣ አዲሱ ሲሰፋ፣ ደሙ መንገዱን ሲያገኝ አንገቱን አስግጎ ይከታተላል። ሊያልቅ ሲል፣ «መልሺው» ይላል። «እዚህ ጋ... አቁሚው። ይሄ ልክ አይደለም።»

«ምኑ አባባ?»

«አዘጋጉ! ቫልቭ እንደ መጋረጃ እየተንሳፈፈ አይዘጋም። ግፊቱ ሲገለበጥ ጥርቅም ነው። ቀስ ብሎ ከተዘጋማ ወደ ኋላ ያፈሳል።»

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከአንገቷ ላይ ያዝ አድርጋ ትቀራለች። «እውነትዎን ነው። በዚህ የምንሰማው ድምፅ ራሱ የመዘጋቱ ድምፅ ነው። ስንታችን አይተነው አለፍን!»

«ለመሆኑ ማነው የሠራው?»

ፊልሙን ታስቀጥለዋለች። በመጨረሻ ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል፤ ስሜ፣ ከስሜም ቀጥሎ የእሱ ስም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ይደግመዋል።

«የኔ ስም እዚህ ምን ይሠራል?»

«የኔን ተከትሎ መጥቶ ነው፣ አባዬ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ!» ትላለች ሐኪሟ። «ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

«ካርቱን» ባለው ሰው ፊት ምን ብዬ ልናገር። አባቴ ግን ጨዋታ ላይ አይደለም። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አስተካክዪዋ!»

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እከፍታለሁ። ጥፋቱ የት እንዳለ ወዲያው ገብቶኛል። በሙያችን እንቅስቃሴ ሁሉ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል፤ ዓይን የሚወደው እሱን ነው። ለመዘጋቱ አሥራ ሁለት ፍሬም፣ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ሰጥቼው ነበር። ለውበት ብዬ። ስድስት አደርገዋለሁ።

«አሁንም ሰነፍ ነው።»

አራት።

«ቀርቧል፣ ቀርቧል።» ተጠግቶኛል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ዓይኑ ግን ከእጄ አይነቀልም። ሃያ ስምንት ዓመት አባቴ ሆኖ፣ ስሠራ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። እንቅስቃሴውን ቀስ የሚያሰኘውን ማለስለሻ ጨርሼ አጠፋለሁ። ሁለት ፍሬም። ከተዘጋ በኋላም ጠርዙ ለአፍታ እንዲነዝር አደርጋለሁ፣ በር ሲዘጋ መቃኑ እንደሚነዝረው። አጫውተዋለሁ።

«ጥርቅም!» ፊቱ ይበራል። «ይኸውልሽ! እሱ ነው። ያቺን ንዝረት ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«አንተ። አሁን።»

ይስቅና ሳሉ ያቋርጠዋል። ሳሉ ሲያልፍ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የኔ የቱ ነው?»

የደረቀውን አሳየዋለሁ። ሦስቱ ክንፎቹ ተጣብቀው፣ ደሙ በጠባቡ በግድ ሲሾልክ። ብዙ ያየዋል።

«ዝጓል» ይላል በመጨረሻ፣ ለራሱ። «የዛገ ቫልቭ ደግሞ አይጠገንም። ይቀየራል።» እጁን ይዘረጋል። «እስክሪብቶ።»

ይፈርማል። ወረቀቱን ለሐኪሟ አስረክቦ ወደ እኔ ይዞራል። «ሌላ በሽተኛ ሳያየው ጨርሺው።»

ፊልሙ ውስጥ ሠላሳ አራት ምት አለ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ማስተካከሉን እይዛለሁ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እያንኳኳች ትገባለች። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ እጁን በማንሣት ያስቆማታል።

«ቀስ በይ እህቴ» ይላል፤ «ልጄ ሥራ ላይ ናት።»