ቀጠሮ አክባሪው

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅረኛዋ የላካቸው ሽማግሌዎች ከሰባት ሰዓት ቀጠሯቸው አርፍደው ቢመጡ አባቷ ከበር መለሷቸው። «ቀጠሮ ለማያከብር ሰው ልጅ አልሰጥም!» አሉ። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች የሽማግሌዎቹን ፊት እንኳ አላየችም። ዛሬ፣ በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት ዳግመኛ ይመጣሉ። ዛሬስ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ካልሰማች ሞታለች!

ችግሩ አለቃዋ አቶ ልሳኑ ናቸው። የእጅ ሰዓት አያስሩም፤ የሚያምኑት ኮምፒውተራቸውን ብቻ ነው። እሱ ስድስት ተኩል ካላለ ሰማይ ቢደፋ ከቢሮ ማንም አይወጣም፤ እሳቸውም ቢሆኑ።

ደግነቱ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ሰዓታቸውን የሚወስዱት እሷ ከምትቆጣጠረው ማሽን ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ሰዓቱን ለማየት «ዴት» ብላ ጻፈች። አምስት ሰዓት ተኩል አለ። ያንኑ ትእዛዝ ደገመችና ከጎኑ አዲስ ሰዓት ጨመረችበት፤ ስድስት ተኩል።

«አይ ጊዜ! ሳናውቀው ነጎደ እኮ!» አሉ አቶ ልሳኑ ከወንበራቸው ዘለው። ቦርሳቸውን ነጠቅ አድርገው ከሁሉም ቀድመው ወጡ። እሷም ሳቋን በመዳፏ አፍና ታክሲ ውስጥ ገባች።

በጓሮ በር ገብታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ሁለቱን ከኋላ አቁመው፣ ጋቢ ደርበው፣ ላባቸውን እየጠረጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም!» የሚሉት አቶ ልሳኑ ናቸው።

አባቷ የግድግዳውን ሰዓት አዩና ከት ብለው ሳቁ።

«ከቀጠሮው ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።»